ወንድሜን ላስመረምር ካርቱም የሄድኩ ጊዜ

ሰው ሱዳን የሚሄደው ወይ ለእንጀራ ወይ ለመሸጋገሪያ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ የሚያጉረመርም ሴትዮ፣ የሄድኩት ስለ ወንድሜ ሽንት ነው። ይኸው ተናገርኩት! ኮምቦልቻ ጎረቤቶቼ ሲጠይቁኝ «ወንድሜ ናፍቆኝ» ነበር የምላቸው። አሁን ግን አንብቦ የሚጠቀምበት ቢኖር ብዬ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩት። ያኔ ካርቱም ገና ሰላም ነበረች፤ የማወራው ሁሉ ስለዚያች ካርቱም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሽንት ከልክሎት ሲሰቃይ ኖሮ ሞተ። «የእርጅና ነው» ተባለ፣ እኛም ተቀበልን። ከዓመታት በኋላ ታላቅ ወንድማችንን ጋሽ ሁሴንን ያው ነገር ጀመረው። ደሴ ስንወስደው ሐኪሙ የፕሮስቴት ካንሰር ነው፣ አጥንቱ ውስጥም ገብቷል አለን። ፕሮስቴት ማለት ወንዶች ከፊኛቸው በታች ያለቻቸው ትንሽ ዕጢ ናት፤ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሊያሰናብተን ሲል «ሌላ ወንድም አላችሁ?» አለ። «አለን፣ ካርቱም» አልኩት። «አባትና ወንድም የታመሙበት ሰው ቶሎ መታየት አለበት። ይሄ በሽታ ሲጀምር አያምም፤ ሲያም ዘግይቷል» አለኝ።

ካርቱም ያለው ታናሼ ሰይድ ነው። በስልክ ነገርኩት። «ኢንሻአላህ» አለኝ። በሌላ ጊዜ ደገምኩለት። «ኢንሻአላህ እታለም» አለኝ። ኢንሻአላህ ደግ ቃል ነው፣ የእሱ ግን «ተይኝ» ማለት እንደሆነ ከድምፁ አወቅሁ። ሚስቱ አሚና ስልኩን ነጠቀችውና «ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤት ሲመላለስ ነው የሚያድረው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ይለኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ሻንጣዬን አነሳሁ።

ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ተነሳሁ። የወሎ ሰው ባዶ እጁን ዘመድ ቤት አይሄድም፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በጀሪካን ደግሞ የተነጠረ ቅቤ ይዣለሁ። ጎንደር ነጠላዬን ተከናንቤ አደርኩ፣ ብርዱ እንደ አገሬ ነበር። እሑድ ወደ መተማ ስንወርድ ግን መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን፣ ቀጥሎ ትዕግሥቴን አወለቅሁ። ኮምቦልቻ እኮ ቆላ ነው እንላለን! ውሸታችንን ነው።

ድንበር ላይ የሱዳኑ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፍቶ እጁን ሰደድ ሲያደርግ እስከ አንጓው ቅቤ ውስጥ ገባ። የጀሪካኑ ክዳን በሙቀቱ ላልቶ ቅቤው ልብሴን ሁሉ አጥምቆታል። ለኢድ የተሰፋልኝን አረንጓዴ ቀሚሴን ሳይ ልቅሶ ቃጣኝ። ሰውየው ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን አሸተተና ሳቀ። «ማሌሽ፣ ማሌሽ ያ ሐጃ» አለኝ፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። ውሃና ሳሙና አስመጥቶልኝ ቀሚሴን እዚያው አጠብኩት፣ በፀሐዩ ወዲያው ደረቀልኝ። መካን ሳላይ ድንበር በመሻገሬ ብቻ ሐጃ ሆንኩ። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ላይ ሐጃ ያላለኝ የለም፣ እኔም ለመድኩት።

ገዳሪፍ ስንደርስ መሸ። ሆቴል ልፈልግ ስል አጠገቤ ተቀምጣ የመጣች ሱዳናዊት ክንዴን ያዘችና ወደ ቤቷ ጎተተችኝ። አረብኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፣ እሷም አማርኛ አታውቅም፤ ግን «እንግዳ ሆቴል አያድርም» የምትል ሴት በየትኛውም ቋንቋ ትገባለች። ግቢው ውስጥ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ዘርግታ አንጥፋልኝ፣ ኪስራ በወጥ አቀረበችልኝ። እንጀራ ነው ብዬ በደስታ ቆረስኩ። ዐይን የለውም፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ግን ጎምዘዝ ያለ የማሽላ ነገር ነው። የእንጀራ የአክስት ልጅ በሉት። ጠዋት ልከፍላት ስል በጣም ተቀየመች፣ ስለዚህ ግማሹን በሶዬን ትቼላት ወጣሁ።

ሰኞ ካርቱም ገባን። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሜዳ፣ አሁንም ሜዳ። ዙሪያዋን ተራራ ከቧት ያደገች ሰው ምን ላይ ዐይኗን እንደምታሳርፍ ግራ ይገባታል። አውቶቡስ ተራው ላይ ሰይድ እየጠበቀኝ ነበር። አገር ሲለቅ ክር የመሰለ ልጅ ነበር፤ አሁን ግን ሆዱ ቀድሞት መጥቶ ሰላም አለኝ። ተቃቅፈን ስንላቀስ እጆቼ ከጀርባው ሊገናኙ አልቻሉም። «ምነው ወንድሜ፣ ሁለት ሆነህ ጠበቅከኝ?» ስለው «ጥጋብ ነው እታለም» አለና ሆዱን መታ መታ አደረገው።

ሰይድ የሚኖረው ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነው። ባጃጅ እዚያ ረክሻ ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ረክሻ፣ አቧራና ሰላምታ ነው። የእሱም ሥራ የረክሻ ዕቃ መሸጥ ነው። ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ከዚያው ይነሳል። በመሀል የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር የሻይ ማንኪያው ነው። ብርጭቆው እስከ ግማሹ ድረስ ስኳር ነው ብላችሁ አታምኑኝም! በልጅነታችን ስኳር እናታችን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ የምታስቀምጠው የእንግዳ ነገር ነበር። ሰይድ ያን ጊዜ የቀረበትን ሁሉ ካርቱም ላይ ቁጭ ብሎ እየተበቀለ ነው።

ግቢያቸው ውስጥ አንዷን ክፍል ይማም የሚባል የወረኢሉ ሰው ተከራይቷል። የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም፣ ጅማት ብቻ። ቤተሰብ ነው ማለት ይቻላል፣ አብሯቸው ነው የሚበላው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጎረቤቶቹ ሱዳኖች «እንግዳ መጣችባችሁ አሉ» ብለው ፉል፣ ዓሣና እንቁላል በትሪ ልከው ከበን በላን። ቁርስ እዚያ የሚበላው የእኛ ምሳ ሊደርስ ሲል ነው፤ እስከዚያ አንጀቴ ተጣብቆ ነበር። ስንጠግብ ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ አልኩና አፌ ተሳሰረ። ሳይንስ ሳስተምር ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንቱን የሰውነት ክፍል የሳልኩ ሴት፣ ለገዛ ወንድሜ ያን ቃል ማውጣት አቃተኝ። «አንድ ሰው አለ እንበል» ብዬ ጀመርኩ። «ይሄ ሰውዬ ሌሊት ይነሳል እንበል…» ሰይድ ወደ አሚና ዞሮ አፈጠጠባት። እሷ በነጠላዋ አፏን ይዛ በሳቅ ሞተች።

«እታለም፣ ምንም የለብኝም» አለ።

«ጋሽ ሁሴንም ምንም የለብኝም ይል ነበር። ስማኝ ሰይድ፣ ካልተመረመርክ ሱቅህ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ወንድሜ ሽንቱን አጥቷል እላለሁ። አረብኛውን አሚና ታስጠናኛለች።»

እንደማደርገው ያውቃል። «ኸላስ» አለ፣ በቃ ማለቱ ነው። «ከፈለግሽ ፈሕስ አደርጋለሁ።» ምርመራን ፈሕስ ነው የሚሉት።

ረቡዕ ድልድዩን ተሻግረን ጀብራ ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀቱ ከመተማ ይብሳል፣ ተሳፋሪው ግን ማንም አያማርርም፤ አንዱ እንዲያውም ሒሳባችንን ቀድሞን ከፍሎልን ወረደ። እኛ ዘንድ ታክሲ ውስጥ የምንጋበዘው ክርን ነው። ሐኪሙ ዶክተር ኡስማን ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አሚና እያስተረጎመች ስለ አባታችንና ስለ ጋሽ ሁሴን ነገርናቸው። ሰይድ ሌሊት መነሳቱን ካመነ በኋላ «ጉልበትም አጥቻለሁ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። እሳቸውም ስኳሩን፣ በደም ውስጥ ያለውን ስብ፣ የወንድ ሆርሞኑንና የፕሮስቴቱን የደም ምርመራ አዘዙ። ነገ ሳትበላ ላቦራቶሪ ሂድ አሉት።

ሐሙስ ላቦራቶሪው ጋ ይማምም አብሮን መጣ። «ሥራ የለህም?» ስለው «ጋሽ ሰይድን ላበረታታ ነው» አለኝ። ልቤ ተነካ፣ ምን ዓይነት ደግ ልጅ ነው አልኩ። እዚያ ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶች በሌላ በኩል ነው የሚቀመጡት፤ እኔና አሚና ከሴቶቹ ጋር ስንጫወት ሁለቱ ወደ ውስጥ ገብተው ወጡ። ሰይድ ክንዱን ደግፎ እያቃሰተ ነው። ከዚያ ለይማም ትልቅ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ገዛለት፣ ሁለተኛም ደገመለት። የታረደው በሬ ሌላ፣ ቅልጥሙን የሚጠባው ሌላ ብዬ አላገጥኩባቸው። ሁለቱም ሲበዛ ሳቁልኝ።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ዓባይ ዳር ወስደውኝ የተጠበሰ ዓሣ በላን። ውሃው ሰፍቶ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። የእኛ ቦርከና በክረምት እንኳ ጩኸቱ ነው የሚበዛው። ሰይድ ደስ ብሎታል፣ ይቀልዳል፣ የዓሣውን ጭንቅላት ሳይቀር ይመጠምጣል። ውጤቱ ነገ ነው፣ እኔ ዓሣዬን ወደ እሱ ገፋሁለት። «እንዴት አትፈራም?» ስለው «አላህ ያውቃል፣ አልፋለሁ» አለኝ። እምነቱ አስቀናኝ።

ቅዳሜ ዶክተር ኡስማን ወረቀቱን አዩ፣ ሰይድን አዩ፣ ተመልሰው ወረቀቱን አዩ። «ስኳሩ ጥሩ። ስቡ ጥሩ። የፕሮስቴቱም ጥሩ። ሆርሞኑማ፣ ማሻአላህ» አሉ። እኔ አልሐምዱሊላህ ብዬ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰይድ ተነስቶ ሊጨብጣቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሆዱ እንዲህ የሆነ ሰው ስቡ የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴቷ ሆርሞን ይቀይረዋል፣ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ነው ብዙ ጊዜ የማገኘው አሉ። «ይሄ ደም ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚሸከም ሰው ደም ይመስላል።»

አሚና ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ እየሟሸሸ ሄደ። ሐኪሙ ከመሳቢያ ትንሽ መሣሪያ አወጡና የሰይድን ጣት ወጉ። መሣሪያው ጮኸ። ቁጥሩን አይተው ቅንድባቸው ተነሳ። «ሱከሪ» አሉ፤ የስኳር በሽታ። «እንግዲህ የወረቀቱ ደም የማን ነው?»

ሰይድ ወለሉን አየ። «የይማም» አለ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነቡታል። «ጅል! ቅቤዬን አፍስሼ፣ ድንበር ተሻግሬ የመጣሁት የይማምን ደም ላስመረምር ነው?» አልኩት። አባቴን፣ ጋሽ ሁሴንን፣ ሁሉንም እየጠራሁ ጮህኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፣ እሱ ደግሞ እያጭበረበረ ነው። ሰይድ ሁሉንም ሰማኝና ሲበርድልኝ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እታለም፣ እኔ በዚህ አገር ፈሕስ ለወረቀት ካልሆነ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። የምግብ ቤት ሥራ ስትይ ፈሕስ፣ ሳውዲ ልሂድ ስትይ ፈሕስ። ካለፍሽ ትሠሪያለሽ፣ ከወደቅሽ ይመልሱሻል። ሐበሻው ሁሉ ንጹሕ ደም ያለው ሰው ፈልጎ ነው የሚያልፈው። የወደቀ ሰው ሲታከም አላየሁም፤ ሲመለስ ነው ያየሁት። ፈሕስ ስትይኝ ማለፍ ነው የታየኝ።»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ስንት ዓመት ካርቱም ላይ «ጥጋብ ነው» ሲለን የኖረ ልጅ በልቡ ይሄን ይዞ ነበር። አሚናም እያለቀሰች ተረጎመችላቸው፤ ሰው ቤት ስትሠራ እሷም ያንኑ የፈሕስ ካርድ ይዛ ኖራለች። እኔ ያባርሩናል ብዬ ነበር። ዶክተር ኡስማን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ድንበር ጠባቂ አይደለሁም በዪው» አሏት።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዱን። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም አሉ፤ ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ እሱ ደግሞ ሕዋሳትን እደጉ እደጉ ይላቸዋል። ውፍረት ካንሰሩን ባያመጣው እንኳ የመጣው ክፉው ዓይነት እንዲሆን ያግዛል ይባላል። ሌላም አለ፤ ወፍራም ሰው ደሙ ብዙ ስለሆነ የፕሮስቴቱ ቁጥር ቀጥኖ፣ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነበበው ከባለቤቱ ሰውነት ጋር ነው፣ በሰው ደም አይሆንም አሉ። ሰይድ «የወንድ ሆርሞን የበዛበት ሰው አይደል ለዚህ በሽታ የሚጋለጠው?» ብሎ ጠየቀ። ካንሰሩ በሆርሞኑ እንደሚመገብ እርግጥ ነው፣ ግን ደም ውስጥ ብዙ ስላለ ብቻ ይይዛል ማለት አይደለም አሉት። እንዲያውም ስኳር በሽታ የቆየባቸው ወንዶች ይሄ ካንሰር ትንሽ አነስ ብሎ ነው የሚገኝባቸው ሲሉ ሰይድ ብድግ አለ።

«አየሽ? ሻዩ መድኃኒት ነበር!»

«ዐይንህንና ኩላሊትህን ወስዶ ነው የሚጠብቅህ በዪው» አሉ ሐኪሙ። እኔም አሚናም አብረን ሳቅን፤ ሳናስበው እፎይ አልን።

ከዚያ ዕጢዋን በመቀመጫው በኩል በጣታቸው ሊመረምሩ እኛን አስወጡን። በሩ ሥር ቆመን አንድ ረጅም «ያ ሰላም!» ሰማን፤ የእኛ ወይ ጉድ ነው። ሰይድ ሲወጣ ወደ ማናችንም አላየም። «ስለዚህ ነገር አገር ቤት ያወራሽ እንደሆነ እህቴ አይደለሽም» አለኝ። ይኸው አወራሁት።

እሑድ የራሱን ደም ሰጠ። በዚህ ጊዜ የወንድ ነው የሴት ነው ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ደም የምትቀዳውን ልጅ አስፈቅጄ ወንበሩ ራስጌ ቆምኩ። መርፌው ሲገባ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። ይማም ይቅርታ ለመጠየቅ ማታ ዳቦ ገዝቶ መጣ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ነግሬው አብረን በላነው።

ማክሰኞ ውጤቱ ወጣ። ስኳሩ ያው የታወቀ ነው። የፕሮስቴቱ ቁጥር ለዕድሜው ከፍ ያለ ነበር፤ ለእሱ ሰውነት ደግሞ ከዚያም በላይ ነው አሉ ሐኪሙ። ሲነኩትም አንድ ጠጠር ያለ ቦታ አግኝተዋል። ከዕጢዋ በመርፌ ቅንጣት ተወስዶ መታየት አለበት፣ ቀጠሮው ደግሞ የእኔ ቪዛ ካለቀ በኋላ ነው። «ሌላ ሰው ሊላክበት የማይችል ምርመራ ነው፣ አትሥጊ» አሉኝ።

የቀሩኝ ቀናት ሰይድን ስቆጣጠር አለቁ። ሱቁ ድረስ በእግሩ ሄደ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ረክሻው ተበላሽቶበት ነው ብሎ ሊጭነው ቆመ። በሻዩ አንድ ማንኪያ ስኳር ብቻ ሳደርግበት «ይሄ ሻይ አይደለም፣ የዕቃ እጣቢ ነው» አለ። ጠጣው ግን። ያመጣሁትን የተረፈ ቅቤ አሚና ለይማም ሰጠችው፣ እሱ ያወርደዋል።

ሐሙስ ሲሸኙኝ ሰይድ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ በከረጢት ሞልቶ አሸከመኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል መስኮቱ ሥር መጥቶ «የመርፌውን ቀን አልቀርም» አለኝ። ኢንሻአላህ እስኪል ጠበቅሁ። «ወላሂ አልቀርም» አለ።

ኮምቦልቻ ከገባሁ በኋላ እንቅልፌ ጠፋ። አሚና ምርመራውን ማድረጉን ነገረችኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ስልክ አላነሳ አሉኝ። አንድ ጠዋት እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ ሳለሁ ሰይድ ደወለ።

«እታለም ደህና ነሽ? ዝናብ አለ? ቦርከና ሞልቷል?»

«ሰይድ!» አልኩት።

የወፍጮው ጩኸት ድምፁን እንዳይውጥብኝ ወደ ውጭ ሮጬ ወጣሁ።

«ወደቅሁ» አለኝ።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ካንሰር ነው። ግን ገና ከዕጢዋ አልወጣም፣ ቀድመህ መጥተሃል ብለውኛል» አለ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ ያለፈው ያገደመው ሁሉ ምን ሆነች እያለ ይከበኝ ጀመር። ሰይድ እንደ ልጅነቱ በተሰበረ ድምፅ ተናገረ።

«ወደቅሁ እታለም፣ ግን አልመለሱኝም። ሰኞ ና፣ እናክምሃለን አሉኝ።»